አስካለ «ትረፍ» የተባለችበት ሳምንት

ማክሰኞ

እኔም አጨብጭቤያለሁ። ከሁሉ የሚደንቀኝ እሱ ነው። አስካለ መድረክ ላይ ቆማ ፊቷ አመድ ሲመስል እኔ ከታች ቁጭ ብዬ እያጨበጨብኩ ነበር።

ከመጀመሪያው ልጻፈው፣ አለዚያ አይወጣልኝም። ዛሬ የከተማው አስተዳደር ለእድሮችና ለሴቶች ማኅበራት ድጋፍ የሚሰጥበት ቀን ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል። የሚሊኒየሙ ጨርቅ እንኳን ገና ከግድግዳው አልወረደም። ከወልቂጤ፣ ከዞን የመጡት እንግዶች የታሸገ ውኃ ተደርድሮላቸው ፊት ተቀምጠዋል። ለኛ የሴቶች እድር አዲስ ድንኳን ደረሰው። ትልልቅ ብረት ድስትም። ለአዳራሽ መሥሪያ የሚሆን ቦታም ተፈቅዶላችኋል ሲሉን እልልታው ጆሮ ያደነቁር ነበር። እትዬ ብርቄ፣ ሊቀመንበራችን፣ ነጠላቸው ወድቆ እንኳ አላነሱትም።

ከዚያ የሴቶች ጉዳይ ባለሙያዋ ሜሮን ማይኩን ያዘች። ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች ልጅ ናት፣ ክፋት የላትም። «አሁን ልዩ ተሸላሚያችንን ልጋብዝ» አለችና አስካለን ጠራች። ደስ አለኝ። አስካለ የእድራችን ወጥ ሠሪ ናት፣ የግቢዬ ተከራይ ናት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የኔ ጓደኛ ናት። የለበሰችውን ቀሚስ የሰፋሁላት እኔ ነኝ፤ ክርኗ ላይ ትንሽ እንደጠበባት ሁሉ አየሁ። ባሏ ከሞተ በኋላ ከአገና በኩል ወደ ቡታጅራ የመጣች ናት፤ ዘመዶቿን የሚያውቅ ሰው እዚህ የለም።

ሜሮን ቀጠለች። «ከሸክላ ሠሪ ማኅበረሰብ ተወልዳ፣ መገለልን አሸንፋ፣ ዛሬ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም አንድ ድስት የምትሠራ እህታችን ናት።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

የዞን እንግዶቹ ምንም አልገባቸውም፤ አጨበጨቡ። እኛም ተከትለን አጨበጨብን። እጅ የሚባል ነገር ባለቤቱን ሳይጠይቅ ይሠራል። አስካለ የተሰጣትን ቴርሞስ አቅፋ ከመድረኩ ወረደች፤ ወደ ወንበሯ ስትመለስ ከጎኗ የነበሩት ሴቶች ቦታ ቀይረው ነበር።

እዚህ አገር ሸክላ ሠሪዎቹን በምን ስም እንደሚጠሯቸው የማያውቅ የለም። ያንን ስም በእስክሪብቶዬ አልጽፈውም። ድስታቸውን እንገዛለን። አብረናቸው ግን አንበላም፣ አንጋባም፣ እንግዳ ሆነው ከመጡም ከደጅ ነው የሚሸኙት። ይኼን ማንም አላስተማረኝም፤ ከጡት ጋር የገባ ነገር ነው መሰለኝ።

ማታ አስካለ እንደ ልማዷ ጎመኗን ይዛ ቤቴ ገባች። ለመምጣት ስንት ጊዜ በሩ ላይ እንዳመነታች አላህ ይወቅ። የባሌ እናት እማ ሽኩሪያ ሶላት ደርሷል ብለው ተነሱ። አልደረሰም ነበር። እኔ እጄን ወደ ሳህኑ ሰደድኩ፣ ግን መንገድ ላይ ቆመ። ለአፍታ ነው። ከዚያ በላሁ። በልቻለሁ፣ ማንም አልበላሽም ሊለኝ አይችልም። ግን ቆሞ ነበር፤ አስካለም አየችው።

ደነገጥኩ። የራሴን እጅ አላወቅኩትም።

ረቡዕ

ከጠዋት ጀምሮ የልብስ ስፌት መኪናዬ አጠገብ የቆመ ሁሉ የሚያወራው አንድ ነገር ነው። አንዷ ቀሚስ ልታሳጥር መጥታ «ውይ፣ አንቺ ደግሞ ስንት ዓመት አብረሻት በላሽ» አለችኝ። አስካለ በሽታ ያስያዘችኝ ይመስል ታዝንልኛለች። ቀሚሷን ከሚገባው በላይ አሳጠርኩት። ሆን ብዬ ነው።

ከቀትር በኋላ እትዬ ብርቄ ቤቴ መጡ። ተከትለውም ሌሎቹ የኮሚቴ ሴቶች፣ ግማሹ ክርስቲያን ግማሹ ሙስሊም። እማ ሽኩሪያ ፍራሹ ላይ ቦታ አመቻቹላቸው። የኛን እድር ለማያውቅ ሰው ይኼ ስብሰባ ምንም ላይመስለው ይችላል። እኛ ግን ስንት ዓመት በድስት ስንጨቃጨቅ ኖረናል። የሙስሊም ሥጋ በአንድ ድስት፣ የክርስቲያን ሥጋ በሌላ ድስት። ማማሰያው እንዳይቀላቀል፣ ማጠቢያው ጨርቅ እንዳይቀላቀል፣ ክዳኑ እንዳይቀያየር። አንዴ በአንድ ጭልፋ ምክንያት ሁለት ጎረቤታሞች ተኳርፈው የታረቁት በሽማግሌ ነው። መሀል ላይ ያለው ሦስተኛው ድስት ብቻ ነበር ሁላችንም የምንበላበት፤ ጎመኑ። እሱን የምትሠራው አስካለ ናት። ለቅሶ ቤት እኔና እትዬ ብርቄ በአንድ ትሪ የምንቀርበው በዚያ ድስት ነው።

ዛሬ በምንም የማይስማሙት ሴቶች ሻዩ ሳይበርድ ተስማሙ። አንዲትም ሴት ድምጿን ከፍ አላደረገችም። እንዲያውም እንደዚህ ሲከባበሩ አይቻቸው አላውቅም።

«ደክሟታል እኮ» አሉ እትዬ ብርቄ። «ስንት ዘመን እሳት ፊት ቆመች። ትረፍ።»

«ትረፍ» አሉ እማ ሽኩሪያ። «አላህ ጤናዋን ይስጣት።»

ሁሉም ትረፍ፣ ትረፍ አሉ። ከአባልነት ትውጣ ያለ የለም፤ ያማ ነውር ነው። ብቻ ከድስቱ ትራቅ። ድንኳኑንና ቦታውን እንቀበላለን፤ እሷ ትረፍ። አንዷ «ከአሁን በፊት የበላነውስ?» ብላ ጠየቀች።

እኔ ምን አልኩ? ሻይ ቀዳሁ።

ሲወጡ እማ ሽኩሪያ ወደኔ ዞረው «ክፍሉንም ለሌላ ሰው ታከራዪዋለሽ» አሉኝ። ለባሌ ለኸይሩ ደወልኩለት፤ በአይሱዙው ጭነት ይዞ ወደ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ነው። «እናቴን እንዳታስቀይሚ» አለኝና ኔትወርኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ሁልጊዜ የሚቋረጠው የወንዶች መልስ ሲያልቅ ነው።

ለአስካለ «ትረፍ» የሚለውን የነገሯት ራሳቸው እትዬ ብርቄ ናቸው። በመስኮት አየሁ። አስካለ እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በሯን ዘጋች፤ እስኪመሽ አልተከፈተም።

ሐሙስ

ሱቄን ዘግቼ ሜሮን ቢሮ ሄድኩ። ልጮህባት ነበር ዕቅዴ። ስገባ ብድግ ብላ ሳመችኝና የማክሰኞውን ፎቶ አሳየችኝ። «አስካለን አዩዋት? በደስታ እንባዋ መጥቶ ነበር።»

በደስታ።

ቁጭ አልኩና አስረዳኋት። ቀስ ብዬ። የምናገረው ሲገባት ፊቷ እንዴት እንደተለወጠ አየሁ። «ግን እኮ ግንዛቤ ለመፍጠር ነው» አለች፣ ድምጿ እየወረደ። «ሕገ መንግሥቱ ሁሉም እኩል ነው ይላል።»

«ሕገ መንግሥቱ ለቅሶ ቤት አይበላም» አልኳት። «ለመሆኑ መድረክ ላይ ልናገር ብለሽ ጠይቀሻታል?»

«ሰርፕራይዝ ላደርጋት ብዬ ነው።»

እንዴት እንዳወቀች ጠየቅኳት። አስካለ ራሷ ነግራት ነው። ከአገና በኩል ሸክላ ይዘው ለዓርብ ገበያ የሚመጡ ሴቶች አሉ፣ እህቷም ከነሱ አንዷ ናት። የሚያድሩት ሰው በረንዳ ላይ ነው። የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ከድሮ ቀበሌያችሁ መሸኛ አምጡ ይባላሉ፤ መሸኛ የሚሰጣቸው የለም። መታወቂያ ከሌለ ማኅበር የለም፣ ቦታም የለም። አስካለ ለነሱ ማደሪያ ለመለመን ብላ ነው ምስጢሯን ያወጣችው። ለአንድ ሰው። በር ተዘግቶ።

ከዚያ የባሰውን ነገረችኝ። ድንኳኑና ቦታው ለኛ የደረሰን አስካለ ስላለች ነው። የከተማው ምክር ቤት ከሌላ አካባቢ የመጡትንና የተገለሉትን ላቀፈ እድር ቅድሚያ ይሰጥ ብሎ ወስኗል። እኛ ምንም ሳናውቅ በአስካለ ነው ያሸነፍነው።

«ከድስቱ ካነሷት ድጋፉን እናስመልሳለን» አለች ሜሮን። አሁን ተናዳለች። «የቀበሌውን ሊቀመንበር ይዤ እሑድ ስብሰባችሁ ላይ እመጣለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ ባክሽ አትምጪ። ድንኳኑን ከወሰዳችሁባቸው ሰበቡን በማን ላይ ያደርጉታል?»

አሰበች። ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣላት፤ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና፣ ከሻይና ከአበል ጋር። ይኼን ስትል ዐይኗ እንደገና በራ። እኔ ልጮህባት ሄጄ ልታለቅስ ስለደረሰች ትከሻዋን መታ መታ አድርጌ ወጣሁ። በዚህ ሳምንት ስንቱን ላባብል ነው?

ዓርብ

ገበያ። ክር ልገዛ ነው ብዬ ወጣሁ። ክር አልፈለግኩም።

አስካለ ሸክላ ተራው መሀል ተቀምጣለች። ከእህቷ ጎን፣ በገለባ የተጠቀጠቁ ድስቶች መሀል። የማክሰኞውን ቀሚስ ለብሳለች። ማንም ሰው ዓይቶ እንዲያልፍ። ደጋግሜ ያለፍኩበት ተራ ነው፤ እህቷን ስንት ጊዜ አልፌያት ይሆን? መልካቸው ቁርጥ አንድ ነው።

«ዘይኑ፣ ድስት ልትገዢ ነው?» አለችኝ። ትስቃለች። ሳቋ አስፈራኝ።

አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ሰው ያየኛል፤ አላይም ብዬ መሬት መሬቱን አየሁ።

«አሁንማ የምደብቀው የለኝም» አለች። «እህቴ በመጣች ቁጥር ገበያ ውስጥ እንደማላውቃት ነበር የማልፋት። አሁን ተገላገልኩ።»

«ለኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

ከፊቷ ያለውን ድስት አዞረችና «ማክሰኞ እጅሽን አየሁት» አለችኝ። በቁጣ አይደለም። እንደዋዛ። እኔ ግን የምገባበት ጠፋኝ።

ቡኢ ከተማ ቤት አግኝታለች። የሚያውቃት የሌለበት። መንገድ ዳር ምግብ ቤት ያላት ሴት ወጥ ሠሪ ትፈልጋለች። «እዚያም እስኪያውቁ ድረስ ነው» አለች እህቷ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፍታ።

አትሂጂ ልላት ነበር። አፌ ላይ ነበር። የወጣው ግን «የዚህን ወር ኪራይ ተዪው» የሚል ነው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ጓደኛዬ ከተማ ጥላ ልትሄድ ነው፣ እኔ ስለ ኪራይ አወራለሁ።

ድስት ገዛሁ። ሁለት ድስት። ቤቴ ድስት ሞልቷል።

ቅዳሜ

አስካለ ዕቃዋን ጠቅልላ በገመድ አስራለች። በሩ ክፍት ስለነበር አየሁ። እማ ሽኩሪያም አይተዋል። ቀኑን ሙሉ ስፌቴ ተጣመመ።

እሑድ

ስብሰባው ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር፤ የልጆች ዴስክ ላይ ታጭቀን። ሜሮን መጣች። አትምጪ ብያት መጣች። የቀበሌውን ሊቀመንበርም ይዛለች።

እሱ ረጅም ነገር አያውቅም። «ይኼ ድጋፍ የተሰጣችሁ ከሌላ አካባቢ የመጡ ነዋሪዎችንና የተገለሉ ወገኖችን ስላቀፋችሁ ነው። አሁን አግልላችኋል የሚል ቅሬታ ደርሶናል። እንዲህ ከሆነ ድንኳኑም ድስቱም ይመለሳል። ቦታውም ለሌላ ይሰጣል።»

ክፍሉ ፈነዳ። ማን አወራ? ማን ቀበሌ ሄደ? ማን አገለለ? እትዬ ብርቄ «እኛ እረፊ አልናት እንጂ ውጪ አላልናትም» ብለው ማሉ። ከዚያ ያልኩት ሆነ፤ ዐይን ሁሉ ወደ አስካለ ዞረ። እሷ ነች የከሰሰችን በሚል ዐይን። እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። እግሮቼ አልተነሱም። እማ ሽኩሪያ ከጎኔ ተቀምጠው ክንዴን ይዘውኛል።

አስካለ ተነሳች። በሰው ፊት ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«ድንኳኑን አትውሰዱባቸው» አለችው ሊቀመንበሩን። «ነገ ሰው ይሞታል፤ ዝናብ ሊመታቸው ነው?»

እሱ ደንግጦ እስክሪብቶውን ዘጋ።

«እነ እትዬ ብርቄ እረፊ ብለውኛል። እግዜር ይስጣቸው። እውነት ደክሞኛል። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም። ጓዳ ነው የምውለው፣ ስታለቅሱም ከእሳቱ ጋር ሆኜ ነው የምሰማው። አሁን አርፋለሁ።»

ሴቶቹ እፎይ አሉ። ተሰማኝ፣ እፎይታቸው።

«ድንኳን ውስጥ ከሰው ጋር እቀመጣለሁ። እንደ ማንኛዋም አባል ይቀርብልኛል። እህቴም ትመዘገባለች፤ መሸኛ የላትም፣ ግን ዓርብ ዓርብ እዚሁ ናት፣ የምትሞተውም እዚሁ ሊሆን ይችላል። እሷም ትቀመጣለች። ሌላ የምጠይቀው የለኝም።»

ተቀመጠች።

ወጥ ሥሪ ብንላት ይቀለን ነበር። ድስት ይታጠባል። በአንድ ትሪ አብሮ መቅረብ ግን ሌላ ነው። ትረፍ ያልናት እኛ፣ እሺ አርፋለሁ አለችን፤ ያረፈ ሰው ደግሞ ይስተናገዳል። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ደጋግመው አጣፉ። ሜሮን እንኳን አላጨበጨበችም፤ ትንሽ ተምራለች።

ሊቀመንበሩ «ታዲያ ተስማምታችኋል?» አለ። እምቢ ያለ አልነበረም። ድንኳኑ እንዳይሄድባቸው ነው። እሺ ያለም አልነበረም።

ቤት ስንደርስ «እኔ ነኝ ቢሮ ሄጄ የተናገርኩት» አልኳቸው ለእማ ሽኩሪያ። «አውቃለሁ» አሉ። «ስትዋሺ ጆሮሽ ይቀላል፤ ክር ልገዛ ብለሽ ድስት ይዘሽ የምትመጪ።» ስለ ክፍሉ ምንም አላሉም።

ሰኞ

የእትዬ ብርቄ አማት ሌሊቱን አረፉ። ታመው ከርመዋል፣ ቢሆንም ሞት ሞት ነው። አዲሱ ድንኳን ተተከለ። የአስተዳደሩ ስም በትልቁ ተጽፎ ሙሉ ጎኑን ይዞታል። ከቀብር መልስ የምታቀርበው ተረኛ እኔ ነኝ። ይኼንን ያዘጋጀው አላህ ነው እንጂ ሰው አይደለም።

ጎመኑን የሠሩት ተጋግዘው ነው። ጓዳው ውስጥ ግርግር ነበር። ማን ቅመም እንደጨመረ፣ ማን እንዳማሰለ አይታወቅም።

አስካለ መጣች። ከእህቷ ጋር። ድንኳኑ ውስጥ ገቡ፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉ፣ ተቀመጡ። ከሁለቱም በኩል አግዳሚው ባዶ ሆነ። ሴቶቹ እንዳልተነሱ ሆነው ነው የራቁት፣ ትንሽ ትንሽ እየሸሹ። እትዬ ብርቄ ሐዘንተኛ ናቸው፤ ከፍራሻቸው ላይ ሆነው ያያሉ።

ቆጮውንና ጎመኑን በትልቁ ትሪ ይዤ ወጣሁ። መጀመሪያ ለሽማግሌዎቹ ነው የሚቀርበው። እኔ ቀጥ ብዬ ወደ አስካለ ሄድኩ፤ ከፊቷ አስቀመጥኩት። ለብዙ ሰው የሚበቃ ትሪ ከሁለት ሴቶች ፊት። ተቀመጥኩና እጄን ታጠብኩ። ቆርሼ በላሁ። እጄ ዛሬ አልቆመም፤ ግን ሰው ሁሉ እያየኝ ስለሆነ የማን ጀግንነት እንደሆነ አላውቅም። አስካለ ቀና ብላ አላየችኝም። እሷም ቆረሰች። እህቷ ግን ተቀምጣ ብቻ ነው የምታየው።

ከዚያ የአንድ ሰው ሽርጥ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። እማ ሽኩሪያ ናቸው። ወገባቸውን ይዘው እየቃተቱ መጥተው ከትሪው ማዶ ተቀመጡ። «ውኃ አምጪ» አሉኝ። እጃቸውን አስታጠብኳቸው። ከታጠቡ በኋላ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተቀመጠ። አይበሉም። አይነሱም።

ሌላ የመጣ የለም። ልብ በሉልኝ፤ አንድም ሰው። የአስተዳደሩ ድንኳን ሙሉ ሴት፣ ከትሪው ዙሪያ ግን አራት ብቻ።

ለሌሎቹ ለማቅረብ የግድ ተነሳሁ። ጓዳ ገብቼ ቆየሁ፤ ትንሽ አለቀስኩ፣ ለሟቿ አስመስዬ። ስመለስ እማ ሽኩሪያ ወደ ቦታቸው ተመልሰው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። አስካለና እህቷም እየወጡ ነበር። በልተው ይሁን ተከፍተው መጠየቅ ፈራሁ።

አሁን ቤት ነኝ። እማ ሽኩሪያ ፍራሻቸው ላይ ጋደም ብለዋል። የአስካለ ዕቃ በገመድ እንደታሰረ ነው፤ የቡኢ መኪና ግን ሁሉም ሄዷል፣ እሷ አልሄደችም። ነገ አላውቅም። ነገ ጠዋት የሚሄድ ሞልቷል።

ይኼን እየጻፍኩ ሳለ እማ ሽኩሪያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተናገሩ።

«ጎመኑ ጨው የሚባል አልነካውም።»

እስክሪብቶዬ ቆመ። ጓዳ ሳለሁ ቀምሰዋል ማለት ነው።

«ያቺን ሴትዮ እረፊ ያላት ማነው?» አሉ። «ለሰው አይቀርብም እኮ እንዲህ ያለ ነገር።»